የልጅህ በርኖስ እኛ ቤት ነው

ሰላም ነህ ወይ አንተ ሰው? ጠፋፋን እኮ። አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልደወልኩ፣ ስለዚህ እኩል ነን፣ መወቃቀሱ ይቅር።

ደብረ ብርሃን እንደተውካት ናት፣ ከነብርዷ። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን ኅዳር ሲገባ ውርጭ በዛ ብለን ማማረር አያምርብንም። ግን አምስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ በጠዋት ከብርድ ልብስ ውስጥ ማውጣት ሞክረው እስቲ! እናቷ ነርስ አይደለች፣ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ጠዋቱ የኔ ነው። ፊት ማጠብ፣ ፀጉር ማስያዝ (ሹሩባ አልችልም፣ በላስቲክ ጠቅልዬ እለቃታለሁ)፣ ፍርፍሩን በምሳ ዕቃ ማድረግ፣ ከዛ ባጃጅ ፍለጋ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ቢሮ ፊርማ አለ።

ይሄ እንኳን ይለመዳል። የሚያንገበግበኝ የኬጂው ዝግጅት ነው። እኛ ስንማር ወላጅ የሚጠራው ስናጠፋ ብቻ ነበር። አሁን የቀለም ቀን አለ፣ የፍራፍሬ ቀን አለ፣ የወላጆች ቀን አለ፣ ሁሉም በሥራ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ። አለቃ ያለው ሰው አይወልድም እንዴ? መልእክቱ ደግሞ ማታ ልንተኛ ስንል በቴሌግራም ይመጣል፣ «ነገ ቢጫ አልብሳችሁ ላኩ»። በዛ ሰዓት ቢጫ ከየት ይምጣ? ልጅቷ «ሚስ ብላለች» ካለች ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ሰሞኑን የባህል ቀን ተባለና የመንዝ እረኛ ደረሳት። በርኖስ ያስፈልጋል። ገበያውን ዞርኩት፣ ያለው ሁሉ የትልቅ ሰው ነው፣ እሷ ብትለብሰው መሬት ይጠርጋል። የበግ ፀጉር ተፈትሎ ተሸምኖ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈጃል፣ ለሕፃን ብሎ ሠርቶ የሚያስቀምጥ የለም። ያኔ ነው አባትህ ትዝ ያሉኝ። ሸማኔ እንዲያገናኙኝ ብዬ መሐል ሜዳ ደወልኩ። «ቤት አለ እኮ» አሉኝ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ጠብቀው በጣርማበር በኩል በአውቶቡስ ላኩልኝ። ጥቁር ነው፣ ትከሻው ላይ ሹል ብላ የምትወጣዋ እንኳ አልቀረችም፣ ግን ክንድ የምታህል። ሒሳቡን ልላክ ብላቸው ተቆጡ። «ለልጅ ልጄ ያሠራሁት ነው፣ ሲመጣ ይለብሰዋል ብዬ።»

አለቃዬን ለምኜ ሄድኩ። የፊት ወንበሩን ሁሉ አያቶች ይዘውታል፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምክንያቱም ወላጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። የኔዋን ባለ በርኖስ የካርቶን በጓን አንዱ ልጅ ነጠቃትና መድረክ ላይ ተያያዙ። አያቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ እየሳቅኩ ወደ ፋይሌ ተመለስኩ፣ የዛን ቀን ምሳም አልበላሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አባትህ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «እሱስ፣ ደህና ነው ይላሉ?» አሉኝ። ይላሉ! የገዛ ልጃቸውን ወሬ ከኔ ይጠይቃሉ። ምን እንደምል ጠፋኝ፣ ደህና ነው አልኳቸው። ዛሬውኑ ደውልላቸው። የልጁንም ቁመት ንገራቸው፣ ይሄኛው አሁን አይበቃውም፣ ሌላ ያሠሩለታል። ሐዋሳ ሙቀት ላይ ምን ያደርግለታል እንዳትል ብቻ።

ለገና ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም? ቁርጡን ንገረኝ፣ በግ ከአሁኑ ላፈላልግ።