አባዬ፣ የግንቦቱን ነገር ንገረኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደብረ ዘይት

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እማዬስ? የግፊት መድኃኒቷ እንዳያልቅባት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ስፔን፣ ካዲዝ ከተማ ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል፤ ነፋሱ ግን አልተወንም።

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል ከኋላዬ ሣህን ላይ ያየኸውን ጥቁር እሾሃም ነገር «ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለህ ነበር። ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልመልስልህ ቀረሁ። የባሕር ጃርት ነው። አዎ፣ ይበላል። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት እንደማይበላ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ መቅመስ አለመቅመሴን ለንስሐ አባቴ ተወው። የእኔ ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ መክፈት ነው።

እንደ ፍጥረት ካየኸው ግን ይገርማል። ጭንቅላት የለውም፣ አንጎል የለውም። አፉ ከሥር ነው፣ አለቱን በያዘበት በኩል። አምስት ጥርስ አለው። ጥርሶቹ ከጫፍ እያለቁ ከሥር ያድጋሉ፤ ሁሌም ስል ናቸው። በእነሱ የባሕር ሣር ይግጣል፣ አለት ሰርስሮም መኝታውን ያበጃል። በእሾሆቹ መሃል ቱቦ የመሳሰሉ ቀጫጭን እግሮች አሉት። በእነዚያ የዛጎል ስባሪና ጠጠር እያነሳ ራሱ ላይ ይቆልላል፤ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ይመስላል። ሲበዛ የባሕሩን ወለል ግጦ ራቁቱን ያስቀረዋል። ሰው ሲበዛበት ደግሞ እሱ ያልቃል። ጣሊያን ውስጥ ፑሊያ የሚባለው ክልል በፈረንጆቹ 2023 ለ3 ዓመት እንዳይለቀም ከልክሎ ነበር።

ጓንት አድርጌ በአፉ በኩል ዙሪያውን በመቀስ እቆርጠዋለሁ። ውሃውን ደፍቼ ሆድ ዕቃውን አወጣለሁ። የሚቀሩት አምስት ብርቱካናማ ምላስ መሳይ ነገሮች ናቸው። ሰው እንቁላል ነው ይላል፤ ግን ወንዱም አለው፣ የዘር እጢው ነው። ጥሬውን በማንኪያ ይበላሉ። ሲወዱት! ካርኒቫል በሚሉት የጭፈራ በዓል ሰሞን ላ ቪኛ የሚባለው ሰፈር መንገድ ላይ ቆመው ነው የሚበሉት። ኤሪሳዳ የሚሉት የራሱ ድግስም አለው።

ጃርቱን የሚያመጣልን ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ አለ። ካርኒቫል በመጣ ቁጥር ስለ አንድ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ያወራል። በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1981 ማድሪድ ላይ ፓርላማው ለአዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ድምፅ እየሰጠ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ23 ላይ ሌተና ኮሎኔል አንቶኒዮ ቴሄሮ ሽጉጥ ይዞ ገባ፤ ወደ 200 የሚሆኑ ታጣቂዎች ተከትለውታል። ጣሪያው ላይ ተኮሱ። እንደራሴዎቹ ወንበር ሥር ተደበቁ። ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱዋሬዝ ግን ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም፤ የኮሚኒስቶቹ መሪ ካሪዮም እንዲሁ። የሱዋሬዝ ምክትል ጄኔራል ጉቲዬሬዝ ሜያዶ በ68 ዓመታቸው ተነሥተው ባለጠመንጃዎቹን ይቆጡ ጀመር። ቫሌንሲያ ላይ ሌላ ጄኔራል ታንክ አስወጣ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲያልፍ ንጉሡ ሁዋን ካርሎስ በጦር ልብስ በቴሌቪዥን ቀርበው አወገዙት። በማግስቱ ቀትር ላይ አለቀለት። የጥይቱ ቀዳዳ ዛሬም ጣሪያው ላይ አለ፤ ሆን ብለው ነው የተዉት።

ሽማግሌው ያን ሌሊት ከሬዲዮ ሥር አልተነሣም። ሚስቱ የሠራተኛ ማኅበር መታወቂያውን ከኪሱ አውጥታ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሲነጋ ሌላ ሊያወጣ ቢሄድ ሰልፍ ጠበቀው፣ ሁሉም አቃጥሎ! ወጥ ቤቱ በየዓመቱ በሳቅ ይሞታል።

እኔ ግን አንተ ነህ የምትመጣብኝ። የእኛም የግልበጣ ሙከራ በእኛ አቆጣጠር 1981 ነው፤ ግንቦት 8። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረረ፣ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። የሰሜኑን ጦርነት በድርድር ሊያቆሙ ነበር ሐሳባቸው። ሚኒስትሩ ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ተገደሉ። ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የእናንተው የአየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል አምኃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ። አስመራ ላይ ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት አንብቤ ነው። ካንተ ያየሁት ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ማታ በሩን ቆልፈህ አልበሙን አወረድክ። ከጓደኞችህ ጋር አውሮፕላን ሥር የተነሣችሁትን ፎቶ አወጣህ። እማዬ ከሰል ላይ አደረገችው። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብልህ «ሂጂ ተኚ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም።

ለስፔኑ ሽማግሌ ቀላል ነው፣ ይገባኛል። በእነሱ ማንም አልሞተም። ቴሄሮ 30 ዓመት ተፈርዶበት በእነሱ አቆጣጠር በ1996 ከእስር ወጣ። ሰው ያልተረሸነበት ነገር ለጨዋታ ይመቻል። ግን አባዬ፣ ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ! አሁን ማንን ነው የምትፈራው? ወይስ ፍርሃት አይደለም፣ ሐዘን ነው? ልጄ በቀደም «አያቴ ሥራው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የአውሮፕላን መካኒክ አልኩት። ከዚያ በላይ የምለው አጣሁ።

ሁሉንም ዘርዝር አልልህም። ፎቶው ላይ እነማን ነበሩ? ስማቸውን ብቻ ንገረኝ። ምን እንደሆኑ የምታውቀው ካለ ጨምርበት። ጽሑፍ ዓይንህን ስለሚያደክምህ በቴሌግራም በድምፅ ላከው፤ የጎረቤት ልጅ ይቅዳልህ። ልጅ ፊት አይወራም ካልክ ለእንቁጣጣሽ ስመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን።

ብሩን ማክሰኞ ልኬያለሁ፣ ባንክ ሄደህ እየው። እማዬም አጠገብህ ትቀመጥና ታግዝህ፤ እሷ የሰው ስም አትረሳም።

ልጅህ
ከካዲዝ