የውል ፎርማቶቼና የድሮው ፎንት ጣጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ብያለሁ። ባለፈው መስሪያ ቤቶች ከወረቀት ይላቀቁ ብላችሁ የጻፋችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ፍርድ ቤት አጠገብ ጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ የቤት ኪራይ ውል በሉት የመኪና ሽያጭ በሉት አቤቱታ በሉት ለሁሉም ፎርማት ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል፣ ስምና ብር ብቻ ሞልቶ ፕሪንት ማድረግ ነው። (እኛ ሰፈር ፎርማት የምንለው ኮምፒውተር የሚያውቁት ቴምፕሌት የሚሉትን ነው፣ እነሱ ደግሞ ፎርማት የሚሉት የፋይሉን አይነት ነው፣ በዚህ ስንቴ እንደተጨቃጨቅን።)

ክራኩ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የሚጫነው) ወርድ በቫይረስ ሲያስቸግረኝ የእህቴ ልጅ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ፣ በወርድ ፋንታ ደግሞ ሊብሬኦፊስ ጫነልኝ፣ ሁለቱም በነጻ ናቸው። ፎርማቶቼ ሁሉ በድሮው ወርድ ዶት (.dot) የሚባለው የፋይል አይነት ስለሆኑ ኦቲቲ (.ott) ወደሚባለው የሊብሬኦፊስ አይነት መቀየር ነበረባቸው። እኔ ሞኙ የፋይሉን መጨረሻ ሪኔም አድርጌ ዶቱን ኦቲቲ አልኩት፣ እሱ ስም መቀየር እንጂ ፋይል መቀየር አይደለም ለካ። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፣ ፋይል የሚለው ሜኑ ውስጥ ዊዛርድስ ከዛ ዶክመንት ኮንቨርተር ትላላችሁ፣ ፎርማቶቹ ያሉበትን ፎልደርና የሚቀመጡበትን ታሳዩታላችሁ፣ አንድ ፎልደር ሙሉ ባንዴ ይቀይራል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ።

ደስ ብሎኝ የውክልናውን ስከፍት ግን የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ! መቀየሩ ነው ያበላሸው ብዬ ልጁን ተቆጣሁት፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ቁጥር) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ስዕል አስቀምጠው ነው የሚሰሩት። እኛ ደግሞ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ስንት አመት በዛው ስንጽፍ ኖርን። ስለዚህ ለኮምፒውተሩ ያ ውል አማርኛ ሆኖ አያውቅም፣ ፎንቱ ሲጠፋ ጭንብሉ ወለቀ በቃ። ፋይሉን መቶ ጊዜ ብትቀይሩት ፊደሉ አይቀየርም። የናንተን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጽሁፉን ሰሌክት አድርጉና ፎንቱን ኤሪያል በሉት፣ አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ ዝባዝንኬ ከሆነ እንደኔ ቁጭ ብላችሁ እንደገና መተየብ ነው ወይ ፊደል ቀያሪ ፕሮግራም መፈለግ።

ዩኒኮድ የሆኑትም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተላለፉም። ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ በነበረው ኒያላ በሚባል ፎንት የተጻፉት ኡቡንቱ ላይ ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ተተኩ፣ መስመሩ ተገፋና የምስክሮች መፈረሚያ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወደቀ። ውል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ፊርማ ብቻ ያለበት ወረቀት ከየትኛውም ውል ጋር ሊያያዝ ይችላላ። በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ የሚባል ፎንት አድርጌ ህዳጉን አስተካከልኩ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ፕሪንት አድርጌ ካላየሁ አላምንም አሁን። ቀን በራሱ እንዲሞላ ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም) የተሰራባቸው ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አሉ፣ ተውኳቸው፣ ቀኑን በእጅ እሞላለሁ።

ደንበኛ ሶፍት ኮፒ ሲለኝ ኦቲቲውን አልሰጥም፣ ምንድነው ይሄ ብሎ ይመለሳል። ፒዲኤፍ ነው የምልክለት። ለራሴ ግን ኦቲቲ ይሻለኛል፣ የፋይሉ አይነት በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ አለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የታወቀ ነው፣ ለመክፈትም ክራክ አያስፈልገኝም።

የመስሪያ ቤት ሰዎች ይሄን ካነበባችሁ ፎርማቶቻችሁን ስትልኩልን ቢያንስ ዩኒኮድ አድርጉልን፣ ባለጉዳዩ እኛ ነን ያበላሸንበት እየመሰለው ይጣላናል። አዘጋጁም አይቀየሙኝና ባለፈው ከቢሯችሁ በኢሜል የተላከልኝ የማስታወቂያ ማዘዣ ቅጽ ያው በድሮው ፎንት ነው፣ ኤሪያል አድርጌ አይቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የጽህፈት ቤት ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ