የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የጠፉ መርከቦች መዝገብ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ሁለት ሥራ ይዞ ነበር፤ የጠፉ የጦር መርከቦችንና መርከበኞቻቸውን በካርድ መመዝገብ፣ እንዲሁም የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችውን «ኢትዮጵያ»ን በካርቶን መሥራት።

ካርዱ ላይ የመርከቧ ስምና አገር፣ የጠፋችበት ቀን፣ ቦታው፣ አጠፋፏና የሰዎቿ ቁጥር ይጻፋል። የሰዎቹ ቁጥር ያልተሞላ ካርድ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ስለ መድፍና ስለ ፍጥነት የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል፤ ስንት ሰው ተሳፍሮ ስንቱ እንደተረፈ ፈልጎ የሚያመጣው ግን ጥቂት ነው። የእንግሊዟ «ሁድ» ግንቦት 16 ቀን 1933 ስትሰጥም 1,418 ሰዎች ነበሩባት፤ የተረፉት 3 ናቸው። ያንን ካርድ የሞላ ተማሪ የመድፉን ስፋት ለመጻፍ ብዙም አይቸኩልም።

ብዙ የሚያከራክረው «አጠፋፏ» የሚለው መስመር ነው። «ሰጠመች» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምጽዋን ማየት ነው። በ1933 መጋቢት መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ጣሊያኖች እዚያ የቀሯቸው ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) ስድስት ነበሩ። «ሊዮኔ» መጋቢት 23 ቀን ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ በእሳት ተያያዘችና ተተወች። «ሳውሮ» እና «ማኒን» መጋቢት 25 ቀን ከፖርት ሱዳን በተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተመተው ሰጠሙ። «ባቲስቲ»፣ «ፓንቴራ» እና «ቲግሬ» ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ ዳርቻ ደርሰው የገዛ መርከበኞቻቸው አሰጠሟቸው። ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን ተያዘች። ስድስቱም በአንድ ሳምንት ገደማ ነው የጠፉት፤ ለሰዎቹ ግን ዕጣው አንድ አልነበረም። የገዛ መርከቡን አስጥሞ የወረደ ባሕረኛ በሕይወት አለ፤ ምርኮ ወይም ግዞት ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ካርዱ «የሞቱ»፣ «የተማረኩ» እና «የተረፉ» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች ተጨምረውለታል።

ቀን መለወጥ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። በአእምሮ የተያዘው ሰንጠረዥ (ጥር 1 ማለት ጃንዋሪ 9 ነው የሚለው) ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት አይሠራም፤ ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይዛነፋል። «ኢትዮጵያ» የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ አሜሪካኖች ሥራ ያስጀመሯት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው። በሰንጠረዡ የሄደ ጥር 15 ይላል፤ ትክክሉ ጥር 14 ቀን 1936 ነው፣ 1935 ጳጉሜ 6 ነበረችና። በዚህ ምክንያት በካርዱ ላይ መጀመሪያ ምንጩ የሰጠው ቀን እንዳለ ይገለበጣል፤ ልወጣው ከሥሩ ይጻፋል።

መርከቧ የተሠራችው ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል ነበር። በ1954 ወደ እኛ መጣችና የማሠልጠኛ መርከብም ሆነች። ቁመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ፍጥነቷ 18 ኖት ያህል፣ ማለትም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ለ200 ሲሠራ ቁመቷ 47.4፣ ወርዷ 6.3 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ በዚህ ልክ አንድ መርከበኛ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመርከቧ አከርካሪ ሁለት ድርብ ካርቶን ተጣብቆ ይቆረጣል፤ የጎን አጥንቶቹ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ይሰካሉ። ከዚያ ሁሉም ተገልብጦ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይጣበቃል። ቆዳው 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው የወረቀት ቁራጮች ይለበሳል፤ አንዱ በግራ ከተለጠፈ ቀጣዩ በቀኝ ነው። ኮላ ውኃ አለውና ሲደርቅ ወረቀቱን ይስበዋል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ቡድን መርከቡ እንደ ሙዝ ይጎብጥበታል፤ ከጎበጠ በኋላ በእጅ ማቃናት አጥንቱን ይነቅላል። ኮላው እስኪደርቅ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ከጣውላው አይነሣም። ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ካርቶኑ በቫርኒሽ መታሸግ አለበት፤ አለበለዚያ እርጥበቱ ያለሰልሰዋል። ስቱኮውም በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል እንጂ በአንድ ጊዜ ከተደፈደፈ ይሰነጠቃል።

ፎቶ ስትመርጡ ዓመቱን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1944 ገደማ የተነሣ ፎቶ የአሜሪካኗን «ኦርካ» ነው የሚያሳየው፤ ከዚያ የተቀዳ መድፍ የእኛዋን «ኢትዮጵያ» አያሳይም።

የ«ኢትዮጵያ» ካርድ አጠፋፍ በጦርነት መስጠም አይደለም። ግንቦት 1983 ላይ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መርከበኞቿን በተመለከተ ሥራው ገና ነው። የቀድሞ ባሕር ኃይል አባል አባት ወይም ዘመድ ያለው ተማሪ ሲጠይቅ «ኑሮው እንዴት ነበር?» ከማለት «በየትኛው መርከብ፣ በየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት?» ብሎ ቢጀምር ይሻላል። ስም ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው ይጻፍ፤ ከአባት ስም ጋር ይሙላ፤ ፈቃድ ሳይሰጥ አይቀዳ። የጣሊያን ስሞች በቤተሰብ ስም ይደረደራሉ፣ የእኛዎቹ በራስ ስም፤ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ሲቀላቀሉ ፈላጊ ይጠፋበታል።

ከካርቶኑ መርከብ የቀረው የመድፎቹና የምሰሶው ሥራ ነው። የካርድ ሣጥኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል፤ ባዶ ካርድ ከክበቡ ጸሐፊ ይገኛል።