ስለተበላሸብኝ ላሜራ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በስምምነቱ መሠረት ያልተቆረጠ ላሜራ እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ

ኅዳር 9 ቀን ከድርጅታችሁ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ በዚንክ የተሸፈነ) ላሜራ ገዝቼ፣ 70 በ28 ሴንቲ ሜትር እንዲቆረጥልኝና 14 ክብ ቀዳዳዎች እንዲወጡለት 3,800 ብር ከፍያለሁ። የደረሰኙን ቅጂ አያይዣለሁ። ትእዛዙን የተቀበሉኝ ባለሙያ ሥራው በላሜራ መቁረጫ ማሽን እንደሚሠራ ነግረውኝ ነበር። የተረከብኩት ግን በግራይንደር፣ ማለትም በእጅ በሚያዝ ባለ ዲስክ መቁረጫ፣ የተቆረጠ ነው።

ላሜራው የሁለት ሰው የአርኬድ መጫወቻ፣ ማለትም በቁልፎችና በጆይስቲክ (በእጅ በሚገፋ ዘንግ) የሚጫወቱበት የቪዲዮ ጌም ሳጥን፣ የላይኛው ገጽ ነው። ከእህቴ ልጆች ጋር ሽምብጥ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ከክረምት ጀምሮ እየሠራነው ነው። ሳጥኑን ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) ሠርተን ጨርሰናል፤ ውስጡ አሮጌ ኮምፒውተር ተገጥሟል። የልጆቹ እጅ ሰዓታት ሙሉ የሚያርፈው በዚህ ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ለጠርዙ መጨነቄ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥ ማለት የነበረበት የፊት ጠርዝ መሃሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ዲስኩ ሲያመልጥ የጫረው መስመር በፊቱ ላይ ተጋድሟል። ከሥሩ የቀረው ስለት በሞረድ አልተነካም፤ ታናሽቱ ልጅ ከእጄ ስትቀበለኝ አውራ ጣቷን እንደ ምላጭ ቆረጣት። ቀዳዳዎቹ ከዚህም ይብሳሉ። በሰጠኋችሁ ንድፍ ላይ አሥራ ሁለቱ ለቁልፎች 30፣ ሁለቱ ለጆይስቲኮች 24 ሚሊ ሜትር ተብለው ተጽፈዋል። በካሊፐር ስለካቸው አምስቱ የቁልፍ ቀዳዳዎች 34 ሚሊ ሜትር ደርሰዋል። የቁልፉ ከንፈር 33 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቁልፉ ሾልኮ ይወድቃል። የጠበበ ቀዳዳ በሞረድ ይሰፋል፤ የሰፋን ግን ምን ላድርገው?

ጋልቫናይዝድ የመረጥኩት የጣናን እርጥበት አስቤ ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ የግራይንደር ሙቀት ጠርዙ ላይ ያለውን ሽፋን አቃጥሎታል። ፍንጣሪውም ላሜራው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ በሳምንቱ ቡናማ የዝገት ነጠብጣብ አውጥቷል። ከመቁረጡ በፊት ፊቱን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን የማንንም ጊዜ አይፈጅም ነበር።

በቤት ውስጥ መሣሪያ እንኳ ንጹሕ ሥራ እንደሚቻል አውቃለሁ። አባቴ በ1950ዎቹ በተከፈተው የከተማችን ፖሊ ቴክኒክ የብረት ሥራ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ሞረዳቸው ዛሬም እኔ ጋ አለ። «መስመሩን አትቁረጥ፤ ከመስመሩ ውጭ ቆርጠህ በሞረድ ግባ» ይሉኝ ነበር። እንዳሉኝ አድርጌ ቁራጭ ላሜራ በሁለት ጣውላዎች መሃል አጥብቄ አስሬ በሴጌቶ ቆረጥኩት፤ ጣውላው ላሜራው እንዳይርገበገብና እንዳይጣመም ይይዘዋል። ለቀዳዳው መሃሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጌ፣ በ3 ሚሊ ሜትር በስቼ፣ ከሥሩ እንጨት ደግፌ፣ ዘይት እያንጠባጠብኩ በዝግታ በመብሻ ላይ በሚገጠም ክብ መጋዝ አወጣሁት። ቁልፉ ልክክ ብሎ ገባ። ሙከራውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አምጥቻለሁ፤ እባክዎ ከእናንተ ሥራ ጎን አስቀምጠው ይመልከቱት። ወደ እናንተ የመጣሁት 70 ሴንቲ ሜትር በእጅ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ስለሚከብድና እናንተ ማሽኑ ስላላችሁ ነበር።

ይህን ለማስረዳት ኅዳር 17 ቀን ስመጣ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ «ለልጅ መጫወቻ ምን ያንሰዋል?» ብለው በሠራተኞቻቸው ፊት ሳቁብኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ታላቁ ልጅ አብሮኝ ነበር፤ ንድፉን በማስመሪያ ያሰመረው እሱ ነው። እስከ ቤት ድረስ በባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ በግብይት ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ስለዚህ በአዲስ ላሜራ፣ በማሽን፣ በንድፉ ልክ እንደገና እንዲሠራልኝ፣ ይህ ካልሆነ 3,800 ብሩ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። እስከ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። እንደገና የሚሠራ ከሆነ ልጁን ይዤ መጥቼ ሲቆረጥ ቆመን እንድናይ ይፈቀድልን።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ