የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ግምት ሳይያዝ ዕቃ አይነካም

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሚሳተፉበት ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቦሎቄ ማብቀል፣ ፎይል (ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት) ማንሳፈፍና አምፖል ማብራት። ያነሰው ሆን ተብሎ ነው፤ በዚህ ዕድሜ አንዱን ሙከራ ሦስት ጊዜ መድገም አሥሩን አንድ አንድ ጊዜ ከማሳየት ይበልጣል። ደንቡም አንድ ነበር፤ ልጁ የሚሆነውን ሳይገምት፣ ግምቱንም ሳይሥል ዕቃ አይነካም። ያለዚያ ውጤቱን ካየ በኋላ ሁሉም "እኔ አውቄ ነበር" ይላል። ቡድኑ ሦስት ልጅ ነው፤ አራተኛ ከተጨመረ ተመልካች ይሆናል።

ብዙ ሳምንት የወሰደው ቦሎቄው ነው። ፍሬው ውሃ ውስጥ ያድራል። ብርጭቆው ከውስጥ ዙሪያውን በታጠፈ ሶፍት ይለበጣል፤ አራት ፍሬዎች በሶፍቱና በብርጭቆው ግድግዳ መካከል በተለያየ አቅጣጫ ይሰካሉ። ከታች የሚጨመረው ውሃ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሶፍቱ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። የመጀመሪያው ዙር ግማሹ የበሰበሰው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ማጠጣት ይወዳል፤ ፍሬው ውሃ ሲውጠው አየር አጥቶ ይሸታል። በብርጭቆው ላይ መስመር ማስመርና አንድ የውሃ ተረኛ መመደብ በቂ መፍትሔ ሆነ። ሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትርፉ ውሃ ይደፋና ብርጭቆው በጎኑ ይጋደማል። በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ወደ መሬት ታጥፎ ይገኛል።

አንዱን ብርጭቆ ጨለማ ውስጥ ማቆየት ግን የበለጠ ያከራክራል። እዚያ የበቀለው ረጅምና ገርጣ ያለ ስለሚሆን ልጆቹ "ይሄኛው አሸነፈ" ይላሉ። ወዲያው ማረም አያስፈልግም፤ የጨለማው እስኪደርቅ፣ የብርሃኑ እስኪጠነክር ድረስ ቢጠበቅ ክርክሩን ተክሉ ራሱ ይፈታዋል።

በፎይሉ የተሸወድነው እኛ መምህራኑ ነን። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎይል ጀልባ ሲሆን ይንሳፈፋል፣ ሲጨማደድ ይሰጥማል ተብሎ ነበር የታሰበው። የተጨማደደው ኳስም ተንሳፈፈ! በእጥፋቶቹ መካከል አየር ስለሚቀር ነው። እንዲሰጥም እየታጠፈ በመዶሻ መጠፍጠፍ አለበት።

ለአምፖሉ አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ባለ 2.5 ቮልት የእጅ ባትሪ አምፖልና ጫፋቸው 2 ሴንቲ ሜትር የተላጠ ሁለት ሽቦዎች ይበቃሉ፤ ብርሃኑ ደብዘዝ ይላል እንጂ ይታያል። አሁን በብዛት የሚገኙት ኤልኢዲዎች (ክር የሌላቸው አዳዲስ መብራቶች) ለዚህ አይሆኑም፤ ነጩ በ1.5 ቮልት አይበራም፣ ደግሞም የድንጋዩ + እና − ጫፎች በትክክለኛው በኩል ካልተያያዙ አይበራም። ልጆች ሁለቱንም ሽቦ አምፖሉ ቂጥ ላይ ይነካሉ፤ አንደኛው ግን የጎኑን ብረት መንካት አለበት። ሽቦው የድንጋዩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ካገናኘ ይግላል፤ "ሞቀ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ማላቀቅ ነው።

ክበቡን ለሚረከበው መምህር፦ ድንጋዮቹና ሽቦዎቹ በተለያየ ሣጥን ናቸው፤ አይቀላቀሉ። ክረምቱን ከርመው ነጭ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ያወጡ ድንጋዮች ካሉ ልጅ ሳይነካቸው ይወገዱ።