የክፍል ኃላፊ በየዓመቱ ለምን ይቀየራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጩኸቱ ሁሉ ፈተናው ላይ ሆነ፤ ክፍተቱ ግን ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። የክፍል ኃላፊው መምህር ስም ጠርቶ፣ ካርድ ሞልቶ በዓመቱ ሲቀየር ስለ ተማሪው ያወቀው አብሮት ይሄዳል።

አንድ መምህር ከ15 እስከ 20 ተማሪ ይዞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ይዝለቅ። በሳምንት 30 ደቂቃ ከተማሪዎቹ ጋር መገናኘት፣ ስለ እያንዳንዱ ተማሪም አንድ ገጽ ማስታወሻ መያዝ ይበቃል። «ሒሳብ ደካማ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ «ክፍልፋይ መደመር ያቅተዋል» ከተባለ ማጠናከሪያው ከየት እንደሚጀምር ይታወቃል። የተፈጥሮ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምክር 10ኛ ክፍል ሳያልቅ፣ የሁለት ዓመት ውጤት ተዘርግቶ ይሰጥ፤ አለዚያ የሚመርጥለት ጓደኛው ነው።

የ30 ደቂቃው ሰዓት በመደበኛው የክፍለ ጊዜ ድልድል ካልገባ ማካካሻ ትምህርት ይበላዋል። ለመምህሩም ከሳምንታዊ ጭነቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት።