ጡረታው በብር፣ መዋጮው በዶላር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ነው የምጽፍላችሁ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ጋዜጣችሁን የጎረቤቴ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ ያመጣልኛል እና አንድ ገጽ ሳላስቀር ነው የማነበው። እስከዛሬ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ አሁን ግን ዝም ብዬ ልቀመጥ ብል እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስለሆነ ነው። የኛ ማህበር ጉዳይ ብቻም አይመስለኝም፣ ልጆቹን ተከትሎ ውጭ የሄደ አዛውንት የሌለበት እድርና ማህበር ዛሬ የት አለ።

እዚህ ጅማ የጡረተኞች ማህበር አለን። ስሙን አልጠቅስም፣ የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። በወር 30 ብር ነበር የምናዋጣው፣ ባለፈው ስብሰባ 50 ብር ተደረገ፣ እሱ ይሁን፣ ኑሮው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የአዳራሽ ኪራይ ጨምሯል፣ የታመመ ስንጠይቅ ይዘን የምንሄደው ብርቱካን እንኳ ድሮ በኪሎ ነበር አሁን በፍሬ እየተቆጠረ ሆኗል። እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ግን በዛው ስብሰባ ማለቂያ ላይ፣ ግማሹ ሰው ከዘራውን ይዞ ተነስቶ ሳለ፣ "ውጭ አገር የሚኖሩ አባላት በወር 10 ዶላር ይክፈሉ፣ ሶስት ወር ያልከፈለ ይሰረዝ" ተባለ። አንድ ሰውዬ "እነሱ ዶላር ላይ ተቀምጠው እኛ እዚህ 50 ብር እንቆጥራለን እንዴ" አለ፣ ተጨበጨበ፣ በቃ ጸደቀ። እኔም ያኔ ቶሎ አልገባኝም ነበር፣ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው የደነገጥኩት።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እና 10 ዶላር ማለት ዛሬ ከ1000 ብር በላይ ነው። እኔ 50 ብር፣ አሜሪካ ልጇጋ ያለችው ጓደኛዬ ከ1000 ብር በላይ፣ ለዛችው አንድ አባልነት። ከሃያ እጥፍ በላይ እኮ ነው! ደግሞ የኔ መዋጮ አምስት ብር ቢጨመርበት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ እጅ ይወጣበታል፣ የሷ ግን በዶላር ስለተጻፈ ብሩ በወደቀ ቁጥር ማንም ሳይሰበሰብ ለብቻው ይጨምራል። ከብር ጡረታ ለሚከፍል ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አዎ፣ ከጡረታዋ ነው የምትከፍለው። ጓደኛዬ ያልኳችሁ በ1971 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አብረን የተመደብን፣ ያኔ አገሩ ከፋ ክፍለ ሀገር ይባል በነበረበት ጊዜ ማታ ማታ በኩራዝ ገበሬ ያስተማርን፣ ከዛም እዚሁ ጅማ ስንት ዓመት አብረን ጠመኔ ይዘን የኖርን ሴት ናት። 60 ዓመት ሞልቷት በክብር ተሸኘች። ልጇ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ሚኒሶታ ሄዳ ነበር፣ አምስት ዓመቷን ጠብቃ ዜግነት ወሰደችና እናቷን አስመጣች። ስትሄድ አባ ጅፋር ኤርፖርት ድረስ ሸኝቻታለሁ፣ በሻንጣዋ ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ አራት ኪሎ ያልተቆላ ቡና፣ ለልጅ ልጇ መቀመጫ ብላ የገዛቻት ትንሽዬ የጅማ በርጩማ ነበር፣ በርጩማዋ ሻንጣውን አላዘጋ ብላን ልብሷን አውጥተን በፌስታል አስያዝናት።

ስለ ውሳኔው የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በዋትስአፕ። እኛጋ ማታ ነው፣ እነሱጋ ጠዋት። ቪዲዮውን ስትከፍተው ኩሽና ቆማ ነው፣ ቤት ውስጥ ጃኬት ለብሳ፣ ለልጆቹ ምሳቃ እየቋጠረች፣ ልጇ ሆስፒታል ሌሊት ሰርታ ገብታ ተኝታለች። አስር ዶላር ስላት ዝም አለች። ከዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ እኔ እኮ እዚህ የራሴ አንድ ብር የለኝም፣ ጫማ ስፈልግ እንኳ ልጄ አይታ ካልገዛችልኝ አልናገርም፣ አሁን የጅማ እድሬን ክፈይልኝ ብዬ ዶላር ልለምናት?" አለችኝ። እድር ነው የምትለው፣ ማህበር ብላ አታውቅም። ትንሹ ልጅ ሲጠራት "መጣሁ" ብላ ዘጋችው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እዚህ ሰው የሚያስበው ቦሌን ያለፈ ሁሉ ዶላር የሚያፍስ ነው። ወጣቱስ ይሁን ይሰራል፣ በስንት መከራም ቢሆን። የኛ እድሜ ሰው ግን በ65 እና በ70 ዓመቱ ነው የሚሄደው፣ በምን ጉልበቱ ነው የሚሰራው? ልጇ እንደነገረችኝ አሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የነሱ ጡረታ አስር ዓመት ያህል ተሰርቶ ከደሞዝ ተቆርጦ ካልተከፈለ የለም። ለሽማግሌ የሚሆነውን የጤና መድህን፣ ሜዲኬር የሚሉትን፣ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በገንዘቡ ልግዛ ቢል እንኳ አምስት ዓመት እዛው መኖር አለበት። ስለዚህ ያቺ ሴት በሰው አገር ስትታመም በልጇ ኪስ ነው፣ ስትበላ በልጇ ኪስ ነው፣ እሷ ደግሞ በምላሹ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ደሞዝ የሌለው የሙሉ ቀን ሥራ ነው። የራሴ የምትለው ገንዘብ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ ጅማ የሚከፈላት ጡረታ። እህቷ በውክልና ትቀበላለች፣ ከሱ ላይ ለቤቱ ግብርና ለመብራት ይከፈላል፣ 30 ብሩ ደግሞ ለኔ ይሰጠኝና ማህበር እከፍልላታለሁ። ካርኒውን ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። አንድ ወር ረስቼ ሳልክላት ቀርቼ "ካርኒዬስ?" ብላ ደወለችልኝ። ለሰላሳ ብር ካርኒ ከሚኒሶታ ተደውሎ ሲጠየቅ አስቡት፣ ብሩ አይደለማ ነገሩ።

እንደሷ ያሉ የሶስት ሰዎች መዋጮ ነው እኔ የምከፍለው። አንዱ ጋሼ የምለው የድሮ ዳይሬክተራችን ነው ካናዳ ልጁጋ፣ ዓይኑ ደክሟል። ሶስቱንም በአንድ ሉክ ደብተር መዝግቤ ይዣለሁ፣ አንድ ወር ውዝፍ የለባቸውም።

የኮሚቴውን ሰዎች አልወቅስም፣ በነጻ ነው የሚደክሙት፣ ገንዘብ ያዡ ፀሐይ ለፀሐይ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ሰፈር እስከ አጂፕ ሰፈር በእግሩ እየሄደ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ነው፣ እድሜ ይስጠው። የሚሉት ነገርም አላቸው። ውጭ ያለ አባል ቀብር አይቆምም፣ ድንኳን አይጥልም፣ ሀዘን ቤት አያድርም፣ እኛ ብንቀር ቅጣት አለብን እሱ ግን የለበትም፣ ስለዚህ ጉልበቱን በገንዘብ ይካስ ይላሉ። ልክ ነው፣ እኔም አምናለሁ። ግን የጉልበት ካሳው ሃያ እጥፍ ነው? እኛ 50 ከፈልን እነሱ 100 ይክፈሉ፣ ቢበዛ 150፣ በብር፣ ማንም ቅር አይለውም፣ ጠይቄያቸዋለሁ። ደግሞ የሚቀርባቸውንም እንቁጠርላቸው እንጂ፣ ለበዓል ዘይት ስንከፋፈል እነሱ የሉም፣ ስንታመም ተራ ገብተን ስንጠያየቅ እነሱጋ የሚሄድ የለም፣ ከማህበሩ የሚያገኙት አንድ ነገር ቢኖር የሞቱ ቀን ነው፣ እሱም እዚህ ከተቀበሩ።

ውጭ ደህና ሥራ ያለው፣ ቤት የገዛ፣ በፈቃዱ በዶላር ልርዳ የሚል አባል ካለ ደግሞ እሰየው፣ ይርዳ፣ ምስጋናችን ይድረሰው፣ ግን እሱ እርዳታ ይባላል መዋጮ አይባልም፣ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ካርኒ ላይ አይቆረጡም። አስር ዶላር ለመላክ ራሱ የመላኪያ ይከፈልበታል፣ እና እሷ በወር በወር ለሚላክ አስር ዶላር ልጇን ስታስቸግር ልትኖር ነው?

ሌላው የከነከነኝ አወሳሰኑ ነው። ማህበራችን የተመዘገበ ማህበር ነው፣ በመተዳደሪያ ደንባችንም የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ማለት ደግሞ አጀንዳው ቀድሞ ተነግሮ፣ የሚመለከተው ሰው ሰምቶ፣ በራሱም በወኪሉም ተናግሮ የሚወሰንበት ነው እንጂ በር ላይ ቆመን በጭብጨባ የሚያልቅ አይደለም። እነዛ ሰዎች ስለነሱ ሲወሰን አንድም ሰው "ምን ትላላችሁ" አላላቸውም። ስልክ እኮ አለ። ሁላችንም የልጅ ልጆቻችንን በቪዲዮ እያየን አይደል እንዴ የምንውለው፣ ለስብሰባ ቀን አንድ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ምን ይከብዳል። እኔ ራሴ ይዤ እቆማለሁ።

እና አንድ ነገር እንዳይረሳ። እነዚህ ሰዎች ሄደው የቀሩ አይደሉም። ጓደኛዬ ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ እመጣለሁ ትላለች፣ ቤቷ ሂርማታ አለ፣ ቁልፉ እህቷጋ ነው፣ ግቢዋ ያለችው የቡና ዛፍ ዘንድሮም አፍርታለች፣ ለቅመን አድርቀንላታል። ዳይሬክተራችንም ቢሆን ሬሳዬን እዛው ጅማ ነው የሚለው። መጥተው በራችንን ሲያንኳኩ "ሶስት ወር ስላልከፈላችሁ ተሰርዛችኋል" ልንላቸው ነው? እሷ እኮ ማህበሩ ሲቋቋም ቤቷ ቡና እያፈላች ያሰባሰበችን ሴት ናት፣ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ የተጻፈው በሷ እጅ ጽሕፈት ነው፣ መዝገቡ ይገለጥ።

ስብሰባ ሲጀመር ጸሐፊው ስም ይጠራል። እዚህ ያለነው "አለሁ" እንላለን። የሷ ስም ሲጠራ እኔ ተነስቼ "ደህና ናት" እላለሁ፣ የሁሉም ፊት ፈካ ይላል፣ ጸሐፊው ምልክት አድርጎ ያልፋል፣ ማታ ይሄንኑ እነግራታለሁ።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ሶስት ወሩ ሳይሞላ ጉባኤው እንደገና ይጠራ፣ የዶላሩ ነገር ይነሳና በብር ይተመን፣ በጡረታቸው የሚከፍሉት ከሌላው ይለዩ፣ እስከዛ ድረስ የማንም ስም አይሰረዝ። ጅማ ያላችሁ አባላት ይሄን ካነበባችሁ ለኮሚቴው ንገሩልኝ፣ እኔ ብቻዬን ስናገር የጓደኛ ነገር ነው ይሉኛል። እኔ በበኩሌ የሶስቱን መዋጮ መቶ መቶ ብር አድርጌ በየወሩ መጀመሪያ ይዤ እሄዳለሁ። ገንዘብ ያዡ በብር ካርኒ አልቆርጥም ካለኝም ብሩን በፖስታ አሽጌ፣ ቀኑን ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ጉባኤው እስኪጠራ ድረስ አስቀምጠዋለሁ።

ጡረተኛ መምህርት
ከጅማ